አዲስ ቸርኬ ከመግጠምዎ በፊት፦ ኦፍሴት ምንድን ነው? እንዴትስ ይለካል?

ጎንደር ውስጥ ቸርኬ ለመቀየር የሚነሳ ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚጠይቀው ሁለት ነገር ነው፦ ቀዳዳው ስንት ነው? ኢንቹስ? «አራት ቀዳዳ፣ 15» ከተባለ ዋጋ ይቆረጣል። ቸርኬው ይገባል፣ ዳዶው ይጠብቃል፣ መኪናውም ጎሚስታው በር ላይ ባዶውን ቆሞ ያምራል። ጣጣው የሚመጣው በማግስቱ አምስት ሰው ተጭኖበት ከፒያሳ ወደ አዘዞ ሲወርድ ነው። ጉብታ በነካ ቁጥር የኋላው ጎማ ፓራፋንጎውን ይፍቃል፤ መሪው እስከ መጨረሻው ሲዞር ከፊት በኩል የሆነ ነገር ይነካል፤ ኮብልስቶን ላይ ደግሞ መሪው እጅ ይመታል። ያልተጠየቀው ሦስተኛው ቁጥር፣ ኦፍሴት የሚባለው፣ ይህን ሁሉ ያመጣል።

ነገሩ ሲፈታ ቀላል ነው። ጎማው የሚቀመጥበትን የቸርኬ ወርድ ልክ እኩሌታው ላይ በሐሳብዎ መስመር ያስምሩበት። ከዚያ ቸርኬው ከሞዞው (ቸርኬው ከሚታሰርበት የሚዞር ብረት) ጋር የሚገጥምበትን ጠፍጣፋ ፊት፣ ማለትም የብሎን ቀዳዳዎቹ ያሉበትን፣ ይመልከቱ። በመስመሩና በዚህ ፊት መካከል ያለው ርቀት በሚሊ ሜትር ሲለካ ኦፍሴት ይባላል። ፊቱ ከእኩሌታው ወደ መንገዱ በኩል ከወጣ ቁጥሩ በመደመር ይጻፋል፤ ወደ መኪናው በኩል ከገባ በመቀነስ፤ ልክ መስመሩ ላይ ካረፈ ዜሮ ነው።

ብዙ ሰው የሚያደናግረው ቁጥሩና ቸርኬው በተቃራኒ መሄዳቸው ነው። ቁጥሩ ሲጨምር ቸርኬው ወደ አሞርዛተሩ ይገባል፤ ቁጥሩ ሲቀንስ ወደ ውጭ ይወጣል። ኦፍሴቱ 45 የነበረ መኪና 25 ቢገጠምለትና ወርዱ ባይቀየር፣ እያንዳንዱ ጎማ 20 ሚሊ ሜትር ወደ ውጭ ይወጣል ማለት ነው። ይህን አንድ ነገር ከጨበጡ የቀረው ሒሳብ ብቻ ነው።

ቁጥሩ የሚገኘው በቸርኬው ጀርባ ወይም በክንዶቹ ውስጠኛ ገጽ ላይ ተቀርጾ ነው። ብዙ ጊዜ «ኢቲ» በሚሉ ሁለት የላቲን ፊደላት ይቀድማል፤ ፊደላቱ የመጡት ከጀርመንኛ ነው። አንዳንዱ ላይ የመደመር ምልክትና ቁጥሩ ብቻ ይኖራል። «15 × 6 ጄ፣ ኢቲ 45፣ 4 × 100፣ 54.1» የሚል ቸርኬ ቢያገኙ፦ ቁመቱ 15 ኢንች፣ ወርዱ 6 ኢንች፣ ኦፍሴቱ 45 ሚሊ ሜትር፣ አራት ብሎን በ100 ሚሊ ሜትር ክብ ላይ፣ የመሃል ቀዳዳው 54.1 ሚሊ ሜትር ነው። የብረት ቸርኬም ሆነ የአሉሚኒየም፣ ጭቃው በብሩሽ ካልታጠበ ይህ ጽሑፍ አይታይም። ሳይታጠብ አይግዙ።

ኦፍሴት ብቻውን አይበቃም

«ኢቲው ያው 45 ነው፤ ይሆናል» የሚል ምክር ግማሽ እውነት ነው። ወርዱ ከተለወጠ ኦፍሴቱ ባይነካም ቸርኬው በሁለቱም በኩል ቦታ ይወስዳል። ስለዚህ የሚጠየቀው «ኢቲው ስንት ነው» ብቻ ሳይሆን «ውስጠኛው ከንፈር አሁን ካለበት ስንት ሚሊ ሜትር ይገባል፣ ውጨኛውስ ስንት ይወጣል» ነው። አሠራሩ እንዲህ ነው፦

አሮጌው ወርድ ከአዲሱ ይቀነሳል፤ ልዩነቱ በ25.4 ተባዝቶ ወደ ሚሊ ሜትር ይለወጥና ለሁለት ይከፈላል። ከዚያ አሮጌው ኦፍሴት ከአዲሱ ይቀነሳል። ወደ ውስጥ ያለውን ለማግኘት ሁለቱ ይደመራሉ። ወደ ውጭ ያለውን ለማግኘት ደግሞ ከመጀመሪያው ሁለተኛው ይቀነሳል።

አንድ ቪትዝ ላይ ያለው ቸርኬ 14 × 5.5፣ ኢቲ 45 የሚል ነው እንበል። ሻጩ 15 × 7፣ ኢቲ 38 አቀረበ። የወርዱ ልዩነት 1.5 ኢንች፣ ማለትም 38 ሚሊ ሜትር ነው፤ ግማሹ 19። የኦፍሴቱ ልዩነት 38 ሲቀነስ 45፣ ማለትም ከዜሮ በታች 7። ወደ ውስጥ 19 ሲቀነስ 7፣ 12 ሚሊ ሜትር ይገባል። ወደ ውጭ 19 ሲደመር 7፣ 26 ሚሊ ሜትር ይወጣል። ሁለት ተኩል ሴንቲ ሜትር በዓይን ሲያዩት ትንሽ ነው፤ ሰው የጫነ ቪትዝ ኋላው ሲቀመጥ ግን ያ ሁሉ ከፓራፋንጎው ጠርዝ ሥር ይገባል። ለዚያው መኪና 15 × 6፣ ኢቲ 45 ቢፈለግ በሁለቱም በኩል የሚጨምረው 6 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው። ለጎንደር ዳገትና ጭነት የምንመርጠው ይህንን ነው፤ ማማሩም አይቀርም።

አንድ ማስተካከያ አለ። ቀጭን ቸርኬ ላይ ሰፊ ጎማ ከተሞላ ጎማው ከቸርኬው ጠርዝ ወጥቶ ሆድ ይሠራል። ያኔ በሒሳቡ ውስጥ የሚገባው የቸርኬው ሳይሆን የጎማው ወርድ ነው። ሁልጊዜ ከሁለቱ የሰፋውን ይያዙ።

ሃይሉክስ ላይ የተለመደው ስህተት

ሃይሉክስና መሰሎቹ ላይ ወደ ውጭ የወጣ ሰፊ ቸርኬ ይወደዳል። ከፋብሪካ 17 × 7.5፣ ኢቲ 30 የነበረውን 17 × 9፣ ኢቲ ከዜሮ በታች 12 የሚተካ ባለመኪና ብዙ ነው። ይቁጠሩት፦ የወርዱ ልዩነት ግማሽ 19፣ የኦፍሴቱ ልዩነት 42። ውጨኛው ጠርዝ 61 ሚሊ ሜትር ይወጣል፤ ውስጠኛው ደግሞ 23 ሚሊ ሜትር ከአሞርዛተሩ ይርቃል። በግራና በቀኝ ጎማዎች እኩሌታ መካከል ያለው ስፋት በጠቅላላው 84 ሚሊ ሜትር ጨመረ።

«ከውስጥ ስለራቀ አይነካም» የሚለው ድምዳሜ ግን ትክክል አይደለም። የፊት ጎማ የሚዞረው በራሱ መሃል አይደለም፤ ከላይኛው ቦል ጆይንት ወደ ታችኛው በሚያልፍ መስመር ዙሪያ ነው። ጎማው ከዚያ መስመር በራቀ መጠን ሲዞር የሚያካልለው ክብ ይሰፋል። ስለዚህ መሪው እስከ ጥግ ሲዞር የጎማው የፊት ጥግ የፊቱን ፓራውልት፣ የኋላ ጥጉ ደግሞ ከበሩ ፊት ያለውን የሰውነቱን ብረት ይፈልጋል። ቀጥ ብሎ የቆመ መኪና ላይ ይህ ፈጽሞ አይታይም። ከደባርቅ ወደ ዛሪማ በሚወርደው ሊማሊሞ ጠመዝማዛ ላይ ግን መሪው ሙሉ ዞሮ፣ ፍሬን ተይዞ፣ ክብደት ሁሉ ወደ ፊት ተጭኖ ሦስቱም በአንድ ጊዜ ይገናኛሉ። ጎማ በጎኑ የሚቆረጠው እንዲህ ባለ ቦታ ነው፤ የጎን ቁስል ደግሞ አይጠገንም።

ሁለተኛው ጉዳት መሪው ላይ ነው። ያንን የመዞሪያ መስመር በሐሳብ ወደ መሬት ያውርዱት። መስመሩ መሬት የሚነካበት ነጥብና የጎማው እኩሌታ መሬት የሚነካበት ነጥብ መካከል ያለው ርቀት የመኪናው ሠሪዎች በሚሊ ሜትር ቆጥረው የወሰኑት ነው፤ በብዙ የፊት ጎማ በሚነዱ መኪኖች ላይ ሆን ተብሎ ጥቂት ብቻ እንዲሆን ወይም ከዜሮ በታች እንዲወርድ ይደረጋል። ምክንያቱም አንዱ የፊት ፍሬን ከሌላው ይበልጥ ቢይዝ፣ ወይም አንዱ ጎማ ጭቃ ሌላው አስፋልት ላይ ቢሆን፣ መሪው ከእጅ እንዳይነጠቅ የሚያደርገው ይህ አቀማመጥ ነው። ኦፍሴቱን በ42 ሲቀንሱት ይህ ርቀት በ42 ይጨምራል። እያንዳንዱ ድንጋይ መሪውን የሚመታበት ማንሻ ረዘመ ማለት ነው። ሾፌሩ «መሪው ከበደኝ፣ ይጎትተኛል» ሲል ቴስቲና (የመሪው ዘንግ መገጣጠሚያ) ተቀየረ፣ አላይመንት ተሠራ፤ ለውጥ የለም። አላይመንት የጎማን አንግል ያስተካክላል እንጂ ኦፍሴትን አይመልስም።

ሦስተኛው ኩሽኔታው ነው። የመኪናው ክብደት በሞዞው ኩሽኔታ ላይ እንዴት እንደሚከፋፈል የሚወሰነው ጎማው ከኩሽኔታው በምን ያህል ርቀት እንደሚቆም ነው። ጎማው ወደ ውጭ ሲወጣ ጫናው ወደ አንዱ ረድፍ ያዘነብላል፤ ጥምዝ ላይ ደግሞ ይብሳል። ኩሽኔታው በአንድ ቀን አይሰበርም፤ ዕድሜው ግን ያጥራል፤ ያኔም እንደ አውሮፕላን የሚያጓራ ድምፅ ከፍጥነቱ ጋር እየጨመረ ይመጣል። በክረምት ከወጣው ጎማ የሚረጨው ጭቃና ጠጠር በሩንና የጎኑን ቀለም እንደሚልጠው ለመናገር ማስረጃ አያሻም፤ ከከተማ የወጣ ሃይሉክስ ጎን ይታያል።

እንግዲህ ልኩ የት ነው? ከፋብሪካው ቁጥር እስከ 5 ሚሊ ሜትር ያለው ልዩነት በተለመደ መኪና ላይ ችግር አያመጣም። እስከ 10 ድረስ በጥንቃቄ ተለክቶና በጭነት ተፈትኖ ይሆናል። ከ15 በላይ ያለውን ለዕለት ሥራ መኪና አንመክርም፤ ሰው በሚጭን ዶልፊን ላይ ደግሞ ፈጽሞ።

ቁጥር የሌለውን ቸርኬ መለካት

ያገለገለ ቸርኬ ላይ ጽሑፉ ጠፍቶ ወይም በቀለም ተሸፍኖ ይገኛል። ቀጥ ያለ ብረትና ሜትር ካለ አምስት ደቂቃ አይፈጅም። ጎማው ከቸርኬው ወልቆ ይሁን። ከከንፈር እስከ ከንፈር ያለውን ሙሉ ወርድ ይለኩ፤ ይህ ከተጻፈው ወርድ 25 ሚሊ ሜትር ያህል ይበልጣል፣ ምክንያቱም የተጻፈው ጎማው የሚቀመጥበት ብቻ ነው። ከዚያ ቸርኬውን ፊቱን ወደ መሬት ከጨርቅ ላይ ያስተኙት፤ ቀጥ ያለውን ብረት ከጀርባው ከከንፈር ወደ ከንፈር ያጋድሙ። ከብረቱ ሥር እስከ ሞዞው መግጠሚያ ፊት ያለውን ጥልቀት ይለኩ። ከጥልቀቱ ላይ የሙሉውን ወርድ ግማሽ ይቀንሱ። ወርዱ 178፣ ጥልቀቱ 134 ቢሆን፣ 134 ሲቀነስ 89፣ ኦፍሴቱ 45 ነው። መልሱ ከዜሮ በታች ከመጣ ቸርኬው ወደ ውጭ የሚወጣው ዓይነት ነው። አራቱንም ይለኩ፤ «አንድ ስብስብ» ተብለው የሚሸጡ ቸርኬዎች መካከል አንዱ የተለየ ሲሆን አያስገርምም።

ቀጥሎ መኪናው ላይ ያለው ባዶ ቦታ ይለካል። መኪናው ሜዳ ላይ ይቁም፤ ጎንደር ውስጥ ሜዳ መፈለግ ራሱ ሥራ ነው፣ ግን ተዳፋት ላይ የተለካ ልኬት ዋጋ የለውም። ከፓራፋንጎው ጠርዝ የግንበኛ ቱንቢ ያንጠልጥሉና ከክሩ እስከ ጎማው ጎን ያለውን ርቀት በአራቱም በኩል ይመዝግቡ። ግራና ቀኙ በጥቂት ሚሊ ሜትር ቢለያይ አይደንግጡ፤ ግጭት ደርሶበት የተቃና መኪና ላይ ልዩነቱ ሊበልጥ ስለሚችል ውሳኔው በጠበበው በኩል ይሁን። ከውስጥ ደግሞ በጎማውና በአሞርዛተሩ መካከል ያለውን ይለኩ። ጎማው በጥምዝ ላይ ስለሚለመጥ እዚህ ጋ ከአዲሱ ጎማ በኋላ ቢያንስ 6 ሚሊ ሜትር ይትረፍ። እጅ የማይገባበት ቦታ ከሆነ ለስለስ ያለ ሊጥ አሞርዛተሩ ላይ ይለጥፉ፤ አንዱን ቸርኬ ብቻ ገጥመው ጎማውን በእጅ ያዙሩና የተጫነውን ሊጥ ውፍረት ይለኩ።

ከካሊፐሩ (የፍሬን ሸራውን ከሚጨብጠው ብረት) ጋር ያለው ጉዳይ ከኦፍሴት የተለየ ነው፤ ኦፍሴቱ ልክ ሆኖ የክንዶቹ ቅርጽ ካሊፐሩን ሊነካ ይችላል። በመካከላቸው ቢያንስ 3 ሚሊ ሜትር ክፍተት ይኑር። ከውስጥ የሚለጠፈው የባላንስ እርሳስ ራሱ ውፍረት እንዳለው አይርሱ፤ ባዶውን በነጻነት የዞረ ቸርኬ ባላንስ ከተሠራለት በኋላ «ቀጭ ቀጭ» የሚለው በዚህ ነው።

አራቱን ከመሙላትዎ በፊት አንዱን ጎማ ሞልተው በፊትም በኋላም እየገጠሙ ይፈትኑ። ከኋላ ሦስት ሰው ያስቀምጡ፤ መሪውን ከጥግ እስከ ጥግ ያዙሩ። ከዚያ ሰዎቹ እንደተቀመጡ አንዱን የፊት ጎማና በሰያፍ ያለውን የኋላ ጎማ ከፍ ካለ ነገር ላይ በቀስታ ያውጡ። ከአስፋልት ወደ ኮብልስቶን መንደር በሰያፍ ሲገቡ የሚሆነው ይኸው ነው። ወረቀት የሚያልፍበት ክፍተት ካልቀረ ያ ቸርኬ ለዚያ መኪና አይደለም። የፓራፋንጎውን ጠርዝ በመዶሻ አጥፎ ቦታ ማስፋት ቀለሙን ይሰነጥቃል፤ በአንድ ክረምት ዝገቱ ይጀምራል።

እስፔሰር

ቸርኬው ወደ ውስጥ ስለገባ ሞዞው ላይ እስፔሰር (በሞዞውና በቸርኬው መካከል የሚገባ ጠፍጣፋ ብረት) ማስገባት ሲታይ ቀላል መፍትሔ ነው። የ15 ሚሊ ሜትር እስፔሰር የኢቲ 45ን ቸርኬ ወደ 30 ያወርደዋል፤ ሒሳቡ ይሄው ነው። አደጋው ብሎኑ ላይ ነው፤ እስፔሰሩ የወሰደው ከብሎኑ ርዝመት ነውና ዳዶው የሚይዘው ጥርስ ያንሳል። ዳዶው ቢያንስ በብሎኑ ውፍረት ልክ መግባት አለበት። የቶዮታ 12 ሚሊ ሜትር ብሎን የጥርስ ርቀቱ 1.5 ስለሆነ 8 ሙሉ ዙር፤ የሱዙኪና የኒሳን 1.25 ስለሆነ 10 ዙር። በእጅ እየቆጠሩ ያስገቡ፤ ከዚያ ካነሰ አውጥተው ይጣሉት። ሮንዴላ ደርድሮ እስፔሰር ማድረግ ደግሞ ጎማን በመንገድ ላይ ለመጣል መዘጋጀት ነው።

የቀሩት ቁጥሮች

የብሎን ክቡ ላይ ቀልድ የለም። ባለ አራት ቀዳዳ ሲሆን ከመሃል ወደ ትይዩው መሃል ይለካል። ባለ አምስት ከሆነ በሁለት ጎረቤታሞች መሃል ያለው ርቀት በ1.701 ይባዛል፤ 67.2 ካገኙ 114.3 ነው፣ 65.8 ካገኙ 112። በጎረቤታሞቹ መካከል ያለው ልዩነት 1.4 ሚሊ ሜትር ብቻ ስለሆነ በሜትር ሳይሆን በካሊብሮ ይለኩ። «ዳዶው ገብቷል» ማለት «ገጥሟል» ማለት አይደለም፤ ተጎትቶ የገባ ብሎን እንደተወጠረ ይኖራል፣ አንድ ቀንም ይበጠሳል።

ስድስት ቀዳዳ ሁሉም አንድ አይደለም። ሃይሉክስና አዲሶቹ ሚትሱቢሺ ኤል 200 ሁለቱም 6 × 139.7 ናቸው፤ የቶዮታው የመሃል ቀዳዳ ግን 106፣ የሚትሱቢሺው 67.1 ነው። የሚትሱቢሺው ቸርኬ ሃይሉክስ ሞዞ ላይ አያርፍም። ተቃራኒው፣ ቀዳዳው ከሞዞው ሲሰፋ፣ በመሃል ቀለበት ይሞላል። ለብዙ መኪና እንዲሆኑ የተሠሩ ቸርኬዎች ቀዳዳ ብዙ ጊዜ 73.1 ነው፤ ለቪትዝ ከ73.1 ወደ 54.1 የሚያጠብ ቀለበት ያስፈልጋል ማለት ነው። ቀለበት ከሌለ ከ80 ኪሎ ሜትር በላይ መሪው ይንቀጠቀጣል፤ ባላንስ ደጋግሞ ቢሠራም አይለቅም። ረጅም ቁልቁለት በፍሬን ለሚወርድ ሰው ከፕላስቲኩ የአሉሚኒየሙ ይሻላል።

የጎማው ቁመት ከፋብሪካው ከ3 በመቶ በላይ አይራቅ። 175/65 ባለ 14 ጎማ 583 ሚሊ ሜትር ነው፤ በ15 ቸርኬ 185/55 ቢያደርጉ 584 ተኩል ይመጣል። ከዚያ በታች የሳሳ ጎማ በኮብልስቶን ላይ ቸርኬውን ያጣምማል። የቸርኬውንም የመሸከም አቅም ይዩ፤ በኪሎ ተቀርጾበታል። የኋላ አክሰሉ የሚፈቀድለት ክብደት ለሁለት ሲካፈል ከዚያ ቁጥር መብለጥ የለበትም።

ማጥበቅ

የሞዞውን ፊት በብረት ብሩሽ ይፈግፍጉ፤ የተጋገረ ዝገት ቸርኬውን ያጣምማል። ከኋላ ጎማ ሥር ታኮ ያድርጉ፣ መኪናውን በክሪክ ያንሱ፣ ዳዶዎቹን በእጅ ያስገቡ፣ በመስቀል ቅደም ተከተል ያጥብቁ። የመጨረሻው ጥብቀት ጎማው መሬት ከነካ በኋላ በቶርክ መፍቻ ይሁን፤ ለቪትዝና ለኮሮላ 103 ኒውተን ሜትር ነው። መፍቻው ላይ ቧንቧ አስገብቶ በእግር መርገጥ ብሎኑን ይስባል። አዲስ ቸርኬ ከተገጠመ ከ50 እስከ 100 ኪሎ ሜትር ባለው ውስጥ እንደገና መፈተሽ ግዴታ ነው፤ ጎርጎራ ሲደርሱ መፍቻውን ያውጡ።

ዳዶውም ከቸርኬው ጋር ይስማማ። በገበያ የሚሸጡ ቸርኬዎች አብዛኞቹ ጫፉ ሾጣጣ የሆነ ዳዶ ይፈልጋሉ። ብዙ የቶዮታ የፋብሪካ አሉሚኒየም ቸርኬዎች ግን ጠፍጣፋ ሮንዴላ ያለው ዳዶ አላቸው፤ ያንን ሾጣጣ ቀዳዳ ላይ ቢያጠብቁት ይዞ የሚመስለው ለጥቂት ቀን ነው። ቪትዝና ሱዙኪ ዲዛየር ሁለቱም 4 × 100 ቢሆኑም ዳዶአቸው አይዋዋስም፤ ጥርሱ ይለያያል። ትርፉ ጎማ በፋብሪካው ቸርኬ ላይ እንዳለ ከቀረ፣ የእሱን ዳዶዎች በከረጢት አስረው ከክሪኩ ጋር ያስቀምጡ። ማታ በመንገድ ላይ ጎማ ሲቀየር የአዲሱ ዳዶ ለአሮጌው ቸርኬ ላይሆን ይችላል።